በጉ ያልበላው የእሬት አበባ

ጽፌ አላውቅም። ደመወዝ ስቀበል ከመፈረም በቀር እስክሪብቶ ይዤ አንድ ገጽ ሞልቼ አላውቅም። ትምህርቴም ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ይህን ነገር ደግሞ እስካለፈው ሳምንት ድረስ ለአንድም ሰው ተናግሬው አላውቅም። ለእናቴም አልነገርኩም። ንስሐ አባቴ ሲጠይቁኝ ሐሜቴንና ምቀኝነቴን ቆጥሬ ይህችን ዘልያት አልፋለሁ። ማለቴ፣ ስለ በግና ስለ አበባ እንዴት ብዬ ልጀምርላቸው? እናንተ የምታነቡኝ ግን ፊቴን አታዩትም። እኔ ስናገር ጆሮዬ ድረስ እቀላለሁ፤ ስጽፍ ግን ማን ያየኛል? ስለዚህ ልጻፈው።

የሺ እባላለሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት ካዛንቺስ፣ ከሆቴሎቹ ጀርባ፣ ግቢው ሰፋ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት በጽዳት ተቀጠርኩ። የመጀመሪያ ሥራዬ ነበር። ቤቱ የዕፅዋት መሥሪያ ቤት ነው። እኔ መጀመሪያ የመሰለኝ ሣር እየለቀሙ በጋዜጣ የሚጠቀልሉ ሰዎች ናቸው። አንዱን ጥቅል ቆሻሻ መስሎኝ ልጥለው ስል አንዱ ሠራተኛ ሮጦ ደረሰብኝ። ከዚያ ወዲህ ያለ ትእዛዝ ምንም አልጥልም።

የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ሰዒድ ናቸው። ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ኪሳቸው ሁልጊዜ አጉሊ መነጽር የማያጣ ሰው ናቸው። ሥራቸውን ኋላ ራሳቸው ሲያስረዱኝ እንዲህ ነው የገባኝ። ከምድር እየጠፉ ያሉ ዕፅዋት አሉ። አገሮች ተሰብስበው እነዚህ ያለ ፈቃድ ወረቀት ድንበር እንዳይሻገሩ ተስማምተዋል። ወረቀቱን የሚሰጠው ሌላ ቢሮ ነው። ያ ቢሮ ግን ከመፈረሙ በፊት ለዶክተር ሰዒድ አንድ ጥያቄ ይልካል፦ ይህ ቢወሰድ፣ በቦታው የቀረው ይጎዳል ወይስ አይጎዳም? እሳቸው መርምረው፣ ቆጥረው ይመልሳሉ። ፈቃድ አይሰጡም፣ አይከለክሉም፤ ምክር ነው የሚሰጡት። ምክሩ ከተሳሳተ ግን ፊርማውም ይሳሳታል።

ያን ጊዜ በግቢው ጓሮ ዘጠኝ ማሰሮ እሬት ተደርድሮ ነበር። አንድ ነጋዴ ወደ ውጭ ሊልከው ሲል አውሮፕላን ጣቢያ የተያዘ ነው። ነጋዴው እርሻ ላይ የበቀለ ተራ እሬት ነው አለ፤ ወረቀትም አቀረበ። ዶክተር ሰዒድ ግን ጠረጠሩ። አንድ ገደል ላይ ብቻ የሚበቅል እሬት አለ፤ ቅጠሉ ከተራው ጋር መንታ ነው፣ አይለይም። የሚለየው በአበባው ነው። የገደሉ እሬት አበባ ላይ እንደ ሕፃን ጉንጭ ያለ ስስ ጸጉር አለው፤ የተራው ልሙጥ ነው። ስለዚህ ሁሉም ሰው አበባ ይጠብቃል። የፈቃዱ ቢሮ ደግሞ እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ካልመጣ የሰውየውን ዕቃ ከዚህ በላይ ማቆየት አንችልም ብሎ ጽፏል። ማሰሮዎቹ ከተለቀቁ ለሌላውም ነጋዴ መንገድ ተከፈተ ማለት ነው፤ በማግሥቱ ያ ገደል በዶማ ይገለበጣል።

ይህን ሁሉ ያኔ ማንም አልነገረኝም። የጽዳት ሠራተኛን ማን ቁጭ አድርጎ ያስረዳል? የተነገረኝ ማሰሮዎቹን እንዳላንቀሳቅስና ውኃ እንዳላጠጣ ብቻ ነው። አበባ አትቁረጪ ያለኝ የለም። ግን እኔስ የሰው ግቢ አበባ ለመቁረጥ ከልካይ ያስፈልገኝ ነበር?

አሁን ስለ ጋሽ መንገሻ ልንገራችሁ፤ የበደልኩት እሳቸውን ነውና። ጋሽ መንገሻ የበር ጥበቃ ናቸው። በዚያ በር አሥራ ስድስት ዓመት ተቀምጠዋል። ካዛንቺስ ውስጥ የማያውቋቸው ባለታክሲና ጀብሎ የለም፤ በበሩ ያለፈ ሁሉ ሰላምታና አንድ ቀልድ ሳይቀበል አይሄድም። እኔ ሰው ፊት መብላት ስለማልችል ምሳዬን ሳልበላ ስውል አይተው፣ ከጥበቃ ቤቷ ኋላ አንድ የለስላሳ ሳጥን ገልብጠው፣ የሺዬ፣ ይቺ ያንቺ ምግብ ቤት ናት፣ አስተናጋጅ ግን የላትም አሉኝ። በዚያ መሥሪያ ቤት የመጀመሪያ ሳቄን የሳቅኩት ያን ቀን ነው።

ለፋሲካ ቀደም ብለው በግ ገዙ። ያከራያቸው ሰው በግ በግቢዬ አይታሰርም ስላላቸው አለቆቹን አስፈቅደው መሥሪያ ቤቱ ጓሮ፣ ከማሰሮዎቹ ርቆ፣ አጥር ሥር አሰሩት። ነጭ፣ ግንባሩ ላይ ጠቆር ያለ፣ ኩሩ በግ ነበር። ሣር ሲሰጡት፣ እሱም እንደኛ ጾመኛ ነው፣ ሥጋ በአፉ አይዞርም ይሉ ነበር።

ታዲያ አንድ ማክሰኞ የውጭ እንግዶችና የፈቃዱ ቢሮ ሰዎች ለስብሰባ መጡ። የአስተዳደር ኃላፊዋ ወይዘሮ ሂሩት ጠረጴዛው ላይ አበባ እንዳደርግ አዘዙኝ። አበባ ገዝቶ ይመጣል የተባለው ሰው አልመጣም። ሌላ ሰው ቢሆን ሄዶ፣ አበባው አልመጣም፣ ምን ላድርግ ይላል። እኔ ግን ወይዘሮ ሂሩት ከእንግዶች ጋር ቆመው እያወሩ ነበርና መቅረብ አፈርኩ። በቃ፣ አፈርኩ። ባዶውን የአበባ ማስቀመጫ ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ያን ጠዋት ከዘጠኙ ማሰሮዎች በአንዱ ላይ ብርቱካንማ አበባ ረዥም ዘንግ ይዞ ፈንድቷል። እንዴት ያምር ነበር። ቢላዋ አመጣሁና ቆረጥኩት።

እኔ ነኝ የቆረጥኩት። በጉ አይደለም፣ ወፍ አይደለም፣ ነፋስ አይደለም። እኔ ነኝ።

አበባውን ይዤ ወደ አዳራሹ ስሄድ በተከፈተው መስኮት የዶክተር ሰዒድን ድምፅ ሰማሁ። ለእንግዶቹ ስለ ዘጠኙ ማሰሮዎች እየነገሩ ነበር። አንደኛው እንቡጥ ይዟል፣ ዛሬ ወይ ነገ ይፈነዳል፣ የምንሰጠው ምክር በዚያ አበባ ላይ ነው ያለው፣ ከሻይ በኋላ ወጥተን እናየዋለን አሉ። እኔ መስኮቱ ሥር ምክሩን በእጄ ይዤ ቆሜያለሁ። አበባውን ጋውኔ ውስጥ ከትቼ የመወልወያ ዕቃ ክፍል ገባሁና በሩን ዘጋሁት።

ከሻይ በኋላ ሁሉም ወጡ። እኔም ከኋላ ወጣሁ፤ አለመውጣቴ ያስጠረጥራል ብዬ። ማሰሮው ላይ አበባ የሌለው ዘንግ፣ ጫፉ ከወጣው ፈሳሽ የተነሳ ቁርጡ ሳይለይ፣ ብቻውን ቆሟል። ከአጠገቡ ደግሞ የጋሽ መንገሻ በግ ቆሟል። ገመዱ መቼ እንደተፈታ እግዜር ይወቅ፤ ያንን እንኳ እኔ አላደረግኩም። እያመሰኳ ነበር። በግ ሁልጊዜ ያመሰኳል፤ ያን ቀን ግን እንደ ጥፋተኛ ነበር የሚያመሰኳው። አንዲት እንግዳ አፏን በእጇ ያዘች። ዶክተር ሰዒድ ማሰሮው ፊት ቀስ ብለው ተንበረከኩ። ጋሽ መንገሻ ሮጠው መጥተው ነገሩን ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ፤ ከዚያ በጉን በእግራቸው መቱት። ሲመቱት አይቼ አላውቅም ነበር።

ወይዘሮ ሂሩት ዞር ብለው አዩኝ። «የሺ፣ አንቺ እዚህ አካባቢ ነበርሽ። ሲበላው አይተሻል?»

እኔም አዎ በሚል ራሴን ነቀነቅኩ።

አንድ ቃል አልተናገርኩም። ኋላ ብዙ ጊዜ ለራሴ፣ እኔ እኮ አልዋሸሁም፣ ምንም አላልኩም ብዬ ነበር። ግን ነቀነቅኩ። ዓይን አፋር ሰው በአፉ አይዋሽም፣ በአንገቱ ይዋሻል። አበባው ያኔም በጋውኔ ሥር፣ ሆዴ ላይ ነበር።

ማታ ቂርቆስ ወደ ተከራየኋት ክፍል ይዤው ሄድኩ። ልጥለው ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። መሥሪያ ቤት እንደማየው በጋዜጣ መሃል ዘርግቼ ፍራሼ ሥር አደረግኩት፤ ራሴም እንደ ድንጋይ ተጫንኩት። ሁለት ሌሊት ዶክተር ሰዒድ በሚፈልጉት መልስ ላይ ተኛሁ። እንቅልፍ ወስዶኛል ብል ውሸት ይሆናል፤ ለዛሬ ደግሞ ውሸቴ ይበቃኛል።

በማግሥቱ መሥሪያ ቤቱ ለቅሶ ቤት ይመስል ነበር። አንዱ ሠራተኛ ለዶክተሩ፣ እርስዎ የገደሉ እሬት መሆኑን በልብዎ ያውቁታል፣ ለምን እንደዚያ ብለው አይጽፉም አላቸው። እሳቸውም በልቤ የማውቀውን ለሚስቴ ነው የምነግረው፣ በማኅተም የምጽፈው ያየሁትን ነው፣ ስላላየሁ አላውቅም ብዬ እጽፋለሁ አሉ። አላውቅም የሚል ደብዳቤ ደግሞ ማሰሮዎቹን እንደማያስቀር ሁሉም ያውቅ ነበር። ጋሽ መንገሻም ቢሮ ተጠሩ። ይሰናበቱ ወይስ ይቆዩ የሚለውን ኮሚቴ ሊያይ ነው ተባለ። ሰውየው ጡረታ ሊወጡ አራት ዓመት ቀርቷቸዋል። የእሬቱም የጋሽ መንገሻም ነገር በእኔ ፍራሽ ሥር ነበር።

በሦስተኛው ቀን ቆርጬ ተነሳሁ፤ አበባውን እሰጣለሁ አልኩ። መስጠት ብቻ ሳይሆን ጥፋቴን ማመንም ነበረብኝ፤ እኔ ግን እሰጣለሁ እንጂ አላምንም አልኩ። በጉ ሲበላ ጥሎት አገኘሁት እላለሁ ብዬ ወሰንኩ። ልወጣ ስል የዘንጉን ጫፍ አየሁት። ቀጥ ያለ የቢላዋ ቁርጥ ነው። እንዲህ የሚቆርጥ በግ የት አለ? ዙሪያዬን አየሁና ጫፉን በጥርሴ አኘክሁት።

እሬት መሆኑን የረሳሁት ይመስላችኋል? አልረሳሁትም። መራራነቱን ግን ከወሬ በቀር አላውቀውም ነበር። ስኳር ቃምኩ፣ ውኃ ጠጣሁ፣ ታክሲ ውስጥ በነጠላዬ ምላሴን ስጠርግ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ፣ ልጄ አሞሻል እንዴ አሉኝ። ራሴን ነቀነቅኩ። መነቅነቅ ለምዶብኛል።

መሥሪያ ቤት ስደርስ ዶክተር ሰዒድ ጋዜጣውን ተቀብለው ገለጡት። አጉሊ መነጽራቸውን አውጥተው ጎንበስ አሉ፤ ቆዩ። ከዚያ ለራሳቸው ቀስ ብለው፣ «ጸጉር አለው» አሉ። የዘንጉን ጫፍም አዩት።  የኔን ተረት ግን ሰምተው አመኑኝ። ፈርቼ ነው ያልተናገርኩት አልኳቸው፤ እሱ እንኳ እውነት ነው።

አበባው በወፍራም ወረቀት ላይ ተለጠፈ። ሥሩ ጽሑፍ የሌለው አበባ እንደ ሣር ነው የሚቆጠረው፤ ማን፣ መቼ፣ ከየት አገኘው የሚል ይጻፍበታል። አንዱ ሠራተኛ፣ በግ ቆርጦ የጣለው፣ ያገኘችው የሺ ብሎ ጻፈበት። ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣ አዋቂ መሳቢያውን ቢከፍት የሚያነበው ስሜንና ውሸቴን አብሮ ነው። ምክሩም አበባው እንዴት እንደተገኘ፣ ከነበጉ ተጻፈ፤ ማሰሮዎቹ አልተለቀቁም፤ ኋላ እሬቶቹ ወደ ገደላቸው ተመልሰው ተተከሉ። እኔ በስብሰባ ላይ ተጨበጨበልኝ፤ ከጽዳት ወደ ችግኝ ተንከባካቢነት አደግኩ። ጋሽ መንገሻን ደግሞ አበባው ስለተገኘ ኮሚቴው ማራቸው፤ ከሥራ አልተሰናበቱም፤ ከነበሩበት ተነስተው ላንቻ ወዳለ የዕቃ መጋዘን ተዛወሩ። ሰው የማያልፍበት የቆርቆሮ በር ነው። የሄዱ ቀን መጥተው በሁለት እጃቸው ጨበጡኝ። ያዳንሽኝ አንቺ ነሽ አሉኝ።

ይህንን ስጽፍ እንኳ ጆሮዬ ይግላል። ያዳንሽኝ አንቺ ነሽ ሲሉኝ ምን አልኩ? ነቀነቅኩ።

ዓመት ሲሞላ ዶክተር ሰዒድ እሬቶቹ መያዝ አለመያዛቸውን ለማየት ወደ ገደሉ ሲሄዱ እኔንም ወሰዱኝ። ከአዲስ አበባ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው። ገመድ ዘርግተን፣ በጉልበታችን እየዳህን አንድ በአንድ ቆጠርን። አንዱ ሠራተኛ ከማዶ አንድ እሬት አየሁ ብሎ ጻፈ። ዶክተሩ፣ አየኸው ወይስ መሰለህ አሉት። መሰለኝ አለ። ሰርዘው አሉት። አንዲት እሬት፤ በዚያ ሁሉ ገደል ውስጥ አንዲት። በቁጥሩ ላይ አንድ ቢጨመር ምን ይጎዳል ብዬ አሰብኩ፤ ወዲያው ደግሞ የእኚህ ሰው ደብዳቤ ውስጥ ያለው የኔ በግ ትዝ አለኝ። በዓይናቸው ያላዩትን የማይጽፉ ሰው የኔን አንገት አምነው በግ ጽፈዋል። ምክሩስ ልክ ነበር አይደል ወይ ትሉኝ ይሆናል። ልክ ነበር። አበባው እውነተኛ ነው፣ ጸጉሩም እውነተኛ ነው፣ ገደሉም ድኗል። ግን ያ የኔ ጽድቅ አይደለም፤ የአበባው ነው። እኔ የሠራሁት አንድ ሰው ከበራቸው እንዲነሱ ማድረግ ብቻ ነው። ዓይን አፋር ነኝ ብዬም አላመካኝም፤ ሲጨበጨብልኝ ጊዜ ቆሜ ተቀብያለሁ።

ባለፈው ሳምንት እሑድ ከመስቀል አደባባይ በእግሬ ወደ ላንቻ ወረድኩ። ጋሽ መንገሻ ሦስት ዓመት ሙሉ ብቻቸውን ከስተው አገኛቸዋለሁ ብዬ እያለቀስኩ ነበር የምሄደው። ያ ሰው የማያልፍበት የቆርቆሮ በር አጠገብ አሁን አግዳሚ ወንበር አለ፤ ጎን ካለው ካፌ ሻይ ይዘው የመጡ ሰዎች ተቀምጠውበታል፤ መሃላቸው ጋሽ መንገሻ ቆመው እያወሩ ነው። የሚያወሩት ስለ በጉ ነው። በጉ በሳቸው አፍ አድጓል። ዘጠኙንም አበባ በልቷል። ፈረንጆቹ ፎቶ አንስተውታል። ስለሱ የተጻፈ ደብዳቤ ባሕር ተሻግሯል። ሲያዩኝ እጃቸውን ዘርግተው ምስክሬ መጣች አሉ፤ ሰዎቹም ተነስተው ቦታ ለቀቁልኝ።

ሰዎቹ እስኪሄዱ ጠበቅኩ። ከዚያ ጫማዬን እያየሁ፣ «ጋሽ መንገሻ፣ በጉ አልበላውም። እኔ ነኝ የቆረጥኩት» አልኳቸው። የቀረውንም ሁሉ ነገርኳቸው፤ ቢላዋውንም፣ ፍራሹንም፣ ማኘኬንም።

 የመጀመሪያው ዓመት ከባድ እንደነበር ነገሩኝ። ሰላም የሚላቸው ሰው አልነበረም፤ ቤት ሲገቡም ሚስታቸው አንድ በግ መጠበቅ ያልቻለ ጥበቃ ይሏቸው ነበር። ወንበሩን ራሳቸው ናቸው ከመጋዘን እንጨት የሠሩት፤ ሰው እንዲቀመጥላቸው ብለው። ሰው ሲቀመጥ የሚያወሩት ነገር ሲያጡ የበጉን ወሬ ጀመሩ። ይህን ሲሉ አልሳቁም። እኔም አለቀስኩ። ይቅርታ የሚለውን ቃል ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ተዋጠብኝ፤ በአራተኛው ወጣልኝ።

«ሳያጠፋ መታሁት እኮ» አሉ። «ይቅርታ መጠየቅ ያለብንማ እሱን ነበር። እሱን ደግሞ በላነው።»

ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እያለቀሱ መስሎኝ ቀና ስል እየሳቁ ነው። ጥርሶችሽን አሳዪኝ አሉኝ፤ እሬት ያኘከ ጥርስ አይቼ አላውቅም አሉ። ያን ጊዜ እኔም ሳቅ አመለጠኝ፤ እንባዬ ሳይደርቅ።

ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም። እኔም ደግሜ አልጠየቅኳቸውም። ይህን ወረቀት ነገ ጠዋት ዶክተር ሰዒድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ በአፌ መናገር ስለማልችል ነው። በጉን ከደብዳቤያቸውም ከመሳቢያቸውም ይሰርዙት። ጋሽ መንገሻን ወደ በራቸው ይመልሷቸው እንደሆነም ይጠይቁልኝ። በኔ ላይ የሚመጣውን እቀበላለሁ፤ ያን ቀን ግን አንገቴን አልነቀንቅም፣ በአፌ አዎ እላለሁ።

ያን እሑድ ልሰናበታቸው ስነሳ ጋሽ መንገሻ እጄን ይዘው አስቆሙኝ። ካፌው በር ላይ ሌሎች ሁለት ሰዎች ሻይ ይዘው ወደ ወንበሩ እየመጡ ነበር። እነሱን እያዩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እንዲህ አሉኝ፦

«ለዶክተሩ እውነቱን ንገሪያቸው፤ የሳቸው ወረቀት ነው። የላንቻውን በግ ግን ለኔ ተዪልኝ።»